ከክበቡ ውጪ ያሉት ፍሬዎች

ታናሽ ወንድሜ ባለፈው ጥር ከሚኒሶታ ሲመጣ፣ ለእናታችን ከያዘው ጫማና ለልጆቼ ከገዛው ልብስ መካከል ተጠቅልሎ በላስቲክ የታሰረ ትልልቅ ወረቀት ሻንጣው ውስጥ ነበር። ደሴ በገባ ማግስት፣ ቡና ተፈልቶ ዘመድ በተሰበሰበበት ሰዓት፣ ምንጣፉን ገለል አድርጎ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ወለሉ ላይ ዘረጋቸው። ሁሉም በጥቃቅን ቀዳዳዎች ተበሳስተዋል። በእያንዳንዱ መካከል በቀይ እስክሪብቶ የተሰመረ ክበብ አለ፤ ከክበቡ ጎን ደግሞ በእጅ የተጻፈ ቁጥር። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ጥያቄ ከአእምሮዬ አልወጣም። ጥያቄውን የጠየቁት አጎታችን ጋሽ እንድሪስ ናቸው። እስከ ጥያቄው ለመድረስ ግን ወረቀቶቹ ምን እንደነበሩ መናገር አለብኝ።

ወንድሜ አዳኝ ሆኗል። ልጅ እያለ ጋሽ እንድሪስን ተከትሎ ወደ ገራዶ እየወረደ የቆቅ ላባ በኪሱ ሞልቶ ይመለስ ስለነበር ነገሩ ብዙ አላስገረመኝም። አሁን የሚያድነው ግን ቆቅም ጅግራም አይደለም፤ የዱር ተርኪ ነው። ወንዱ ከ8 እስከ 11 ኪሎ የሚመዝን፣ ዓይኑ እጅግ የነቃ፣ ጥቂት እንቅስቃሴ ካየ ዞር ብሎ የሚጠፋ ወፍ ነው። አደኑ የሚፈቀደው በጸደይ፣ በእኛ አቆጣጠር ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ግንቦት ማብቂያ አካባቢ ነው። አዳኙ ጎህ ሳይቀድ ይገባና ጀርባውን ለዛፍ ግንድ ሰጥቶ ይቀመጣል፤ የሴቷን ድምፅ እያስመሰለ ወንዱን ይጠራል። ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ልብስ አይለብስም፤ የወንዱ ተርኪ ራስ እነዚህኑ ቀለሞች ስለሚይዝ ሌላ አዳኝ ሰውን ወፍ ብሎ ሊተኩስ ይችላል።

ይህ ወፍ በአሜሪካ ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1937 የወጣ አንድ ሕግ ከአደን ጠመንጃና ከጥይት የሚሰበሰበው 11 በመቶ ቀረጥ ለዱር እንስሳት እንክብካቤ እንዲውል አዘዘ። ወንድሜ የሚያድንበት የሚኒሶታ ተርኪም በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከሚዙሪ ግዛት ተይዞ መጥቶ ከተለቀቀ ጥቂት ወፍ የተባዛ ነው። ጥይት የሚገዛ ሁሉ ለወፉ መኖር ይከፍላል ማለት ነው። ስለ ዋልያችንና ስለ ቀይ ቀበሯችን ባሰብኩ ቁጥር ይህ አሠራር ያስቀናኛል።

አንድ ጥይት፣ ሦስት መቶ ፍሬ

ጠመንጃው ሾትገን ነው። እንደ ምንሽርና እንደ ክላሽ አንድ አረር አይደለም የሚተፋው። ቀለሁ ውስጥ ከታች ባሩድ አለ፤ በባሩዱ ላይ የፕላስቲክ መያዣ፣ በመያዣው ውስጥ ደግሞ ጥቃቅን ክብ የእርሳስ ፍሬዎች ይደረደራሉ። ቃታው ሲሳብ ፍሬዎቹ ሁሉ አንድ ላይ ይወጡና በየሜትሩ እየተበታተኑ ይሄዳሉ። አዳኙ ማወቅ ያለበት ዋናው ነገር ይኸው ነው፤ በስንት ሜትር ላይ ምን ያህል ይበተናሉ?

ፍሬዎቹ በቁጥር ይለያሉ፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ፍሬው ያንሳል። በአሜሪካ አቆጣጠር ቁጥር 4 የእርሳስ ፍሬ 3.3 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው፤ ቁጥር 5 ወደ 3 ሚሊ ሜትር፣ ቁጥር 6 ደግሞ 2.8 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ለተርኪ በተለመደው፣ ወደ 50 ግራም እርሳስ በሚይዘው ጥይት ውስጥ የቁጥር 4 ፍሬ 236፣ የቁጥር 5 ወደ 300፣ የቁጥር 6 ደግሞ 390 አካባቢ ይገባል። ትልቁ ፍሬ ጉልበቱን ይዞ ይሄዳል፤ ግን ጥቂት ነው። ትንሹ ብዙ ነው፤ ግን ቶሎ ይደክማል። ጥይት መምረጥ የሚባለው ጣጣ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

በዚህ ላይ ቾክ የሚባል ነገር አለ፤ አፈሙዙ ጫፍ ላይ የሚገባ ማጥበቢያ ነው። የ12 ቁጥር ሾትገን (ይህ የፍሬው ሳይሆን የአፈሙዙ ቁጥር ነው) አፈሙዝ 18.5 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት አለው። ለተርኪ የሚሠራው ቾክ ይህን ወደ 17 ሚሊ ሜትርና ከዚያም በታች ያጠብበዋል፤ ፍሬዎቹም ተሰብስበው ይወጣሉ። በቆየው መለኪያ፣ በ37 ሜትር ርቀት ላይ 76 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ክበብ ውስጥ ከመቶ ሰባው ፍሬ ከገባ ጠባብ፣ ስልሳው ከገባ መካከለኛ፣ አርባው ብቻ ከገባ ማጥበቢያ የሌለው አፈሙዝ ነው ይባላል።

የተርኪ አዳኝ በዚህ ትልቅ ክበብ አይረካም። የወፉን ደረት አይተኩስም፤ ክንፉና ወፍራም ላባው ፍሬውን ይይዘዋል፣ ሥጋውም ይበላሻል። የሚተኮሰው ራሱና አንገቱ ነው፤ ያም ወፉ አንገቱን አስግጎ ሲቆም። ስለዚህ 25 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ትንሽ ክበብ ይሰመራል፤ በብዙ አዳኞች ዘንድ የተለመደው ልክ በዚያ ክበብ ውስጥ መቶ ፍሬ መግባት አለበት የሚል ነው። መቶ ፍሬ እኩል ቢሰራጭ በየአምስት ካሬ ሴንቲ ሜትሩ አንድ ይደርሳል፤ የአንገት አጥንትና የራስ ቅል ያችን ታህል ቦታ ናትና ከዚህ የሳሳ ከሆነ ወፉ በፍሬዎቹ መካከል ቆስሎ ያመልጣል።

ወንድሜ ይህን ሲያስረዳ ድምፁ ተለወጠ። «ሰው ሁሉ ጥይቱን በካርቶኑ ሥዕል ይገዛል» አለ። «ወቅቱ ሊከፈት አንድ ቀን ሲቀረው ገዝቶ በቀጥታ ጫካ የሚገባ አለ። እሱ ወፉን የሚለማመድበት ወረቀት ያደርገዋል።» እናታችን ከረከቦቱ ጀርባ ሆና «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አለችው፤ እሱም አዎ ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

አሞካከሩን በዝርዝር ነገረን። መጀመሪያ በ10 ሜትር ላይ በርካሽ ጥይት ይተኩሳል፤ ይህ ጠመንጃው ወዳነጣጠረበት ይሄድ እንደሆነ ለማየት ነው። ከዘረጋቸው አንዱ ወረቀት ላይ የመስቀል ምልክቱ መሃል ላይ ተስሏል፤ የፍሬዎቹ ክምር ግን ከምልክቱ ወደ ላይና ወደ ግራ ሸሽቶ አንድ መዳፍ ያህል ርቋል። ቆቅ ወዲህ ምዝግዝግ ወዲያ ማለት ይህ ነው። ማነጣጠሪያውን ካስተካከለ በኋላ በ18፣ በ27 እና በ37 ሜትር እየራቀ፣ ጠመንጃውን ጠረጴዛ ላይ አስደግፎ፣ ለእያንዳንዱ ጥይት አዲስ ወረቀት እየሰቀለ ይተኩሳል። አንድ ተኩስ ሊያታልል ስለሚችል ያንኑ ይደጋግማል። ከዚያም ቁጭ ብሎ እያንዳንዱን ቀዳዳ በእርሳስ እየነካ ይቆጥራል።

እኔን የሳበኝ ይህ ቆጠራ ነበር። ወለሉ ላይ ተንበርክኬ አንዱን ወረቀት አብሬው ቆጠርኩ። የቀዳዳዎቹ ጠርዝ ግራጫ ነው፤ እርሳሱ ወረቀቱን ሲያልፍ የተወው እድፍ። አንዳንዱ ቀዳዳ ፍጹም ክብ ነው፤ አንዳንዱ ግን የተጨፈለቀ ምስር ይመስላል። ያን ጊዜ ልዩነቱ ምን እንደሚናገር አላወቅሁም።

ወንድሜ ከልምዱ ያገኘው ነገር ብዙ ነው። አንድ ፋብሪካ የሠራቸው፣ ስማቸውም ሞዴላቸውም አንድ የሆነ ሁለት ጠመንጃዎች ያንኑ ጥይት በተለያየ መንገድ ይበትናሉ። ረጅሙና ውዱ ጥይት ሁልጊዜ የተሻለ አይደለም፤ 89 ሚሊ ሜትር ቀለህ ያለው ጥይት ትከሻን በኃይል ይመታል፤ በእሱ ጠመንጃ ላይ ደግሞ ከ76 ሚሊ ሜትሩ ይልቅ የተበታተነ ወረቀት አወጣ። በጣም ጠባብ የሆነ ቾክም የራሱ ችግር አለው። በ10 ሜትር ላይ ፍሬዎቹ ሁሉ በአንድ ጭብጥ በምታህል ቀዳዳ ነው ያለፉት። ወፉ እግርህ ሥር ድረስ ከመጣ በትንሹ ብትስት ሙሉ በሙሉ ትስተዋለህ።

የጣታቸው ማረፊያ

ጋሽ እንድሪስ እስከዚህ ድረስ ምንም አልተናገሩም። ሲኒያቸውን ይዘው ያዳምጣሉ። እሳቸው የድሮ አዳኝ ናቸው፤ ባለሁለት አፍ የጣሊያን ጠመንጃ ነበራቸው፤ በገራዶና በሐረጎ ቆቅ፣ ወደ ጨፋ ሜዳ ሲወርዱ ደግሞ ጅግራ ያድኑ ነበር። ቁጥቋጦው እየተመነጠረ እርሻ ሲሆን አደኑን ተዉት። ቾክ የሚለውን ቃል ሰምተው አያውቁም፤ ነገሩን ግን ያውቁታል። «የእኔዋ የቀኙ አፏ ትበትናለች፣ የግራው ትሰበስባለች። ለቅርብ የፊተኛውን ቃታ፣ ለሩቅ የኋለኛውን» አሉ። የሁለት አፍ ጠመንጃ ሠሪዎች አፈሙዞቹን ሆን ብለው የሚያበላልጡት ለዚሁ ነው። ሙከራ ያደርጉ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። «ታዲያ! የበለስ ቁልቋል ላይ ነዋ። ቅጠሉ ላይ ተኩሰህ ፈሳሹ የሚወርድባቸውን ቀዳዳዎች ትቆጥራለህ።» አንድ ያደገ የበለስ ቅጠል በርዝመቱ ወንድሜ በቀይ ካሰመረው ክበብ ጋር ብዙም አይለያይም።

ከዚያ ሲኒያቸውን አስቀመጡ፤ አንድ ጉልበታቸውን ወለሉ ላይ አሳርፈው ወደ ወረቀቱ ጎንበስ አሉ። ሁላችንም ክበቡን፣ ጥቅጥቅ ያለውን መሃሉን እያየን ነበር። እሳቸው ግን ጣታቸውን ወረቀቱ ጠርዝ ላይ፣ ብቻዋን ወደቀረች አንዲት ቀዳዳ ወሰዱት።

«ይቺ የት ሄደች?»

«ጋሼ፣ እሷ ከክበቡ ውጪ ናት። አትቆጠርም።»

«አለመቆጠሯን አየሁ። ወረቀቱን በስታ ካለፈች በኋላ የት ሄደች ነው የምልህ።»

«ከወረቀቱ ጀርባ የአፈር ክምር አለ። እዚያ ትቀራለች።»

«ከወፉ ጀርባስ?»

ወንድሜ መልስ ሊሰጥ አፉን ከፈተና ተወው። ቤቱ ውስጥ የነበረው ጨዋታ ቆመ። እናታችን ከመጀመሪያውም ወረቀቶቹን ትኩር ብላ አላየቻቸውም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ፣ የውጭ በራችን ቆርቆሮ እንዲሁ ተበሳስቶ ነበር፤ ቆርቆሮው ተቀይሯል፣ ቀዳዳ ያለበት ነገር ማየት ግን አልለመደችም። «ማን ላይ እንዳረፈ የማይታወቅ ብዙ ጥይት አይተናል» አለች፤ ሌላ አልጨመረችም።

ጋሽ እንድሪስ ወደ ቦታቸው ተመልሰው አንድ ነገር ነገሩን። ገራዶ ላይ ነው፤ ፀሐይ ገና እየወጣች። ከአጋም ቁጥቋጦ ፊት አንዲት ቆቅ ወጥታ ትጭራለች፤ ርቀቱ ተስማሚ ነው፤ ጠመንጃው ትከሻቸው ላይ ነው፤ ቢስሚላህ ብለዋል። ቃታው ላይ ያለው ጣታቸው ሊጠብቅ ሲል ከአጋሙ ኋላ አንድ ነጠላ የተከናነበ ራስ ብቅ አለ። እረኛ ነው፤ ከሰባት ዓመት የማይበልጥ ልጅ፤ ከቅዝቃዜው ቁጥቋጦውን ተጠልሎ ቁጭ ብሎ ነበር። ቆቋ በረረች። ልጁ ጠመንጃውን አላየም፤ ፍየሎቹን ጠርቶ ሄደ።

«ቆቋን ባልስታት እንኳ» አሉ ጋሽ እንድሪስ፣ «ሁሉም ፍሬ እሷ ላይ አይቀርም። ከዚያ ቀን ወዲህ ወፍ ሳይ መጀመሪያ የማየው ከጀርባዋ ያለውን ነው። የእኛ አገር ቁጥቋጦ ባዶ ሆኖ አያውቅም። ወይ እረኛ አለ፣ ወይ እንጨት ለቃሚ አለች፣ ወይ ሰው ለራሱ ጉዳይ ገለል ብሏል።»

ወንድሜ «የእኛ ጫካ ግን እንደዚህ አይደለም» አላለም። ሊል ይችል ነበር።

ሌላው ቆጠራ

ያን ምሽት እንግዳው ሁሉ ከሄደ በኋላ ወረቀቶቹን መልሰን ዘረጋናቸው። በዚህኛው ዙር የቆጠርነው ከክበቡ ውጪ ያሉትን ነው። የቁጥር 5 እርሳስ ጥይት፣ ርቀቱ 37 ሜትር። ጥይቱ ሲወጣ የያዘው ወደ 300 ፍሬ ነው። ክበቡ ውስጥ የገባው ከመቶ ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ ማለትም በአዳኞች ልክ ጥሩ ውጤት፣ ወንድሜ ሲያሳየን የኮራበት ወረቀት። ከሦስት ፍሬ ሁለቱ ግን ውጪ ናቸው። ከእነዚያ አብዛኞቹ ወረቀቱ ላይ አሉ፤ ደምረን ስንጨርስ ወረቀቱን ጭራሽ ያልነኩ ፍሬዎችም ቀሩን።

ይህ የማንም ጥፋት አይደለም፤ ሾትገን የሚሠራው እንዲህ ነው። እኔን ያስጨነቀኝ ቆጠራው የት ላይ እንደሚያቆም ነው። የአዳኙ መጽሔት፣ የጥይቱ ካርቶን፣ የወንድሜ ቀይ እስክሪብቶ፣ ሁሉም የሚጠይቁት ስንቱ ገባ ብለው ነው። ያልገባው እንደሌለ ይቆጠራል። የቁጥር 5 ፍሬ ግን ከ200 ሜትር በላይ ይጓዛል። እዚያ ሲደርስ ደክሟል፤ ሥጋ ባይበሳም ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። ቃታውን የሳበው ሰው ሦስት መቶውንም ነው የተኮሰው።

ወንድሜ ዝም ብሎ ሲያስብ ቆየና ስለተጨፈለቁት ቀዳዳዎች ነገረኝ። ባሩዱ ሲነድ ከታች ያሉት ፍሬዎች የላይኞቹ ክብደት ይጫናቸዋል፤ እርሳስ ለስላሳ ስለሆነ ይጎብጣል፣ ይጠፈጠፋል። ክብነቱን ያጣ ፍሬ አየሩ ይገፋውና ከመንገዱ ይወጣል። ወደ ጠርዝ የሚሸሹት በብዛት እነዚህ ናቸው። ለዚህም ነው የተሻሉት ጥይቶች እርሳሱን አንቲሞኒ ከሚባል ማዕድን ጋር ቀላቅለው የሚያጠነክሩት፣ በመዳብ የሚለብጡት፣ በፍሬዎቹ መካከልም እንደ ዱቄት የላመ ፕላስቲክ ሞልተው ከመጋጨት የሚከላከሉት። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ይህን ሁሉ የሚያስበው ክበቡን ለመሙላት ነበር። አሁን ወረቀቶቹን ከጠርዛቸው ጀምሮ ያያቸው ጀመር። ርካሹ ጥይትና ውዱ ጥይት ክበቡ ውስጥ በነበራቸው ቁጥር ያን ያህል አይራራቁም ነበር፤ ጠርዙ ላይ ግን የርካሹ ወረቀት በየአቅጣጫው ተዘርቷል። ምርጫው እኔ እንደማየው እዚህ ጋ ነው። ሁለት ጥይቶች ክበቡን እኩል ከሞሉ፣ ውጪውን ባዶ አድርጎ የተወው ይሻላል።

የመጨረሻው ወረቀት ቱንግስተን ከሚባል ብረት የተሠራ ፍሬ የተተኮሰበት ነው። ቱንግስተኑ እርሳስን በክብደት በብዙ ይበልጣል፤ የእርሳስ አንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 11.3 ግራም ሲመዝን ይህኛው ወደ 18 ግራም ይመዝናል። ስለዚህ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነችው ቁጥር 9 ፍሬ ከቁጥር 5 እርሳስ ጋር የሚስተካከል ጥልቀት ትገባለች ይባላል፤ ትንሽ በመሆኗም ከሁለት እጥፍ በላይ ፍሬ በአንድ ጥይት ይገባል። ጠንካራ ስለሆነ አይጨፈለቅም። ወረቀቱ ላይ ክበቡ በቀዳዳ ብዛት ተቀዶ ሊወድቅ ደርሶ ነበር። አንዱ ጥይት እስከ አሥር ዶላር ገደማ ያወጣ ነበር።

«በዚህ ከ50 ሜትር በላይም ይተኮሳል» አለኝ ወንድሜ።

በማግስቱ ለጋሽ እንድሪስ ይህንኑ ሲነግራቸው የጠየቁት አንድ ነገር ነው። «ለምን ራቅህ?»

መጠጋት

ጋሽ እንድሪስ ሙስሊም አዳኝ ናቸው፤ አደናቸውም እንደዚያ ነበር። የአላህን ስም ጠርተው ይተኩሳሉ፤ ወፏ ነፍሷ ሳይወጣ ከደረሱባት ያርዳሉ። ስለዚህ ከተኮሱ በኋላ ቢላዋ ይዘው መሮጥ አለባቸው፤ ሩቅ የተኮሰ ሩቅ ይሮጣል። ቆስላ ቁጥቋጦ ውስጥ የገባች ቆቅ ለእሳቸው ሥጋ የጎደለበት ቀን ብቻ አይደለችም። «ግፍ ነው። አልበላኋት፣ አላስኖርኳት» አሉ። እሳቸው እንደሚሉት በበለስ ቅጠሉ ላይ የሚሞክሩት ጠመንጃቸው እስከምን ድረስ እንደሚደርስ ሳይሆን ከየት በኋላ መተኮስ እንደሌለባቸው ለማወቅ ነበር። ቅጠሉ ላይ ቀዳዳው መሳሳት የሚጀምርበትን እርምጃ ያውቃሉ፤ ከዚያ አንድ እርምጃ አልፎ የቆመችን ቆቅ ይተዋታል እንጂ አይሞክሩም።

እዚህ ላይ ወንድሜም እሳቸውም ያልተስማሙበት ነገር አለኝ። ጋሽ እንድሪስ ያ ሁሉ ገንዘብ ለጥይት መውጣቱን አልወደዱትም፤ የድሮው እርሳስ ይበቃል ባይ ናቸው። እኔ ግን እርሳስን አላምነውም። መርዝ ነው። አሜሪካ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1991 ጀምሮ የውሃ ወፍ በእርሳስ ፍሬ እንዳይታደን በመላ አገሪቱ ከልክላለች፤ ዳክዬዎች ከሐይቅ ወለል ፍሬውን እየለቀሙ ይሞቱ ስለነበር ነው። በእኛም ቤት እትዬ፣ የጋሽ እንድሪስ ባለቤት፣ ቆቅ ስትበልት ሥጋውን በጣቷ ዳብሳ ፍሬዎቹን ታወጣ እንደነበር አስታውሳለሁ። ሰሃን ዳር ላይ ቅርር የሚሉ ጥቁር ፍሬዎች። ያላገኘቻቸው በወጡ ውስጥ ወደ ልጆች አፍ ሄደዋል። እርሳስ ለልጅ አእምሮ ምን እንደሚያደርግ ዛሬ ይታወቃል። አቅም ካለ ውዱን የቱንግስተን ጥይት ልግዛ የሚለውን ወንድሜን የምደግፈው ለዚህ ነው፤ ፍሬው የማይጨፈለቅና ከመንገዱ የማይሸሽ መሆኑም አለ። በዚያ ጥይት ግን በእርሳሱ ርቀት ይተኩስ። ጥይቱ የሰጠውን ትርፍ ጉልበት ለርቀት ካዋለው፣ ስህተቱን አብሮ አርቆ ወሰደው እንጂ ምን ጠቀመው?

በ27 ሜትር የተተኮሰው የእርሳስ ወረቀት ይህን ያሳያል። ያው ጠመንጃ፣ ያው ቾክ፣ ያው የቁጥር 5 ጥይት ነው። ግን አሥር ሜትር ያህል በመጠጋት ብቻ ክበቡ ውስጥ የገባው በእጥፍ ገደማ ጨምሯል፤ ጠርዙም ጸድቷል። ያን ወረቀት ለጋሽ እንድሪስ ስናሳያቸው በመዳፋቸው ዳበሱት። «ይኼ አደን ነው» አሉ።

ከመሄዱ በፊት አንድ ነገር ጠየቁት። ሩቅ አገር ያለ ዘመድ ሲመጣ እንደሚጠየቀው፣ እሳቸውም ለዚያች ለድሮዋ ጠመንጃ ይሆን እንደነበር ለማወቅ ብቻ፣ አዲሱ ባለ 76 ሚሊ ሜትር ጥይት ይገባባት ነበር ወይ አሉ። ወንድሜ ፊቱን ኮስተር አደረገ። «መግባቱን ይገባል ጋሼ። አደጋው እሱ ነው።» የድሮዎቹ ጠመንጃዎች የጥይት ቤታቸው 70 ሚሊ ሜትር፣ አንዳንዶቹም ከዚያ ያጠረ ነው። የሾትገን ቀለህ ጫፉ ታጥፎ የተዘጋ ስለሆነ ሳይተኮስ አጭር ነው፤ ረጅሙ ጥይት ያለ ችግር ይገባል፣ ጠመንጃውም ይዘጋል። ሲተኮስ ግን የታጠፈው ጫፍ የሚከፈትበት ቦታ ያጣል፤ ግፊቱ ከልክ በላይ ይወጣና አሮጌ ብረት ሊፈነዳ ይችላል። በአፈሙዙ ጎን የተቀረጸውን የርዝመት ቁጥር ሳያነቡ ጥይት መግዛት አይገባም። በየቤቱ ከአያት የተወረሰ የአደን ጠመንጃ በሕጋዊ ፈቃድ የያዘ ሰው በአካባቢያችን ስላለ ይህን ጠበቅ አድርጌ እጽፈዋለሁ። ማደን ደግሞ ሌላ ፈቃድ የሚጠይቅ ጉዳይ ነው፤ መሣሪያ መያዝ ብቻውን ቆቅ ለመተኮስ አያበቃም።

ወንድሜ በሚያዝያ ደወለልኝ። ወቅቱ ሊከፈት ጥቂት ቀናት ቀርተውት ነበር። ጠመንጃ ሳይዝ፣ የርቀት መለኪያውን ብቻ ይዞ፣ ሁልጊዜ ወደሚቀመጥበት ዛፍ ሄዷል። ከዛፉ ሥር ተቀምጦ ተርኪው የሚወጣበትን ገላጣ ቦታ ለካው፤ 30 ሜትር አይሞላም፤ ለጥይቱ ተስማሚ ነው። ከዚያ ጋሽ እንድሪስ እንዳሉት ከገላጣው ጀርባ ያለውን ማየት ጀመረ። ዛፎቹ ገና ቅጠል አላወጡም፤ በግንዶቹ መካከል አሻግሮ ሲያይ ሰዎች በእግራቸው የሚሄዱበት መንገድ አየ፤ ሁለት ሴቶች ከውሻቸው ጋር ያልፋሉ። በበጋ ቅጠሉ ሲጋርደው የማይታይ መንገድ ነው። ለካው፤ ከ150 ሜትር ብዙም አይርቅም።

«ታዲያ ምን አደረግህ?» አልኩት።

ሲዞር ውሎ ሌላ ዛፍ መርጧል። ገላጣው ከዚያም ይታያል፤ ርቀቱ ትንሽ ይጨምራል፣ ፀሐይዋም ጠዋት ላይ ወደ ዓይኑ ትመጣለች። ተርኪው ከሚቆምበት ጀርባ ግን ከሰው ቁመት በላይ የሆነ የአፈር ዳገት አለ። የርቀቱን ጭማሪ ለማጣራት በዚያው ሳምንት ተመልሶ ወረቀት ሊሰቅል እንዳሰበ ነገረኝ፤ በዚህኛው ጊዜ ወረቀቱን በስፋት በእጥፍ እንደሚቆርጠውም።